ሕመምን መሸሸግ ሶብር ነውን?

ከሰው ልጅ አጥንቶች መካከል እንደ ዐጅቡዝ-ዘነብ ትንሽ ሆኖ እንደ እርሱ ታላቅ ነገር የተነገረለት የለም። በአማርኛችን የጭራ አጥንት እንበለው። አከርካሪ ወርዶ ወርዶ የሚያበቃበት፣ ብዙውን ጊዜ ከአራት ጥቃቅን አጥንቶች የተያያዘ፣ በመቀመጫችን መሐል የተቀበረ ጫፍ ነው። የጥንት ግሪኮች ቅርጹን አይተው በኩኩ ወፍ ምንቃር ሰይመውታል፤ ዐረቦች ደግሞ የጭራ ሥር አሉት። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈውት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ የሰውን ገላ ሁሉ አፈር ሲበላው ይህ አጥንት ግን እንደማይበላ፣ በቂያማ ቀንም ሰው እንደገና የሚገጣጠመው ከእርሱ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ይህን በኹጥባ ወይም በደርስ ላይ ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ በሚንበር ላይ ያለ ሐፍረት የሚጠራው ይኸው አጥንት በቤታችን ሲታመም ስሙን የሚያነሣ አይገኝም። እጁ የተሰበረ ሰው እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይታያል፤ ጥርሱን ያመመው ጉንጩን ይዞ ይቀመጣል፤ ሁሉም "አላህ ያሽርህ" ይለዋል። በመቀመጫው ወድቆ የተጎዳ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ይሳቅበታል፣ ከዚያ ወዲያ ራሱ አፍሮ ዝም ይላል። ወሩ ሲያልፍም ሕመሙ አለ፤ ዝምታውም አለ። ያወቁ ጥቂት ሰዎች ካሉም "ቻይ ነው፤ ሶብር አለው" ብለው ያመሰግኑታል። ለመሆኑ ያ ዝምታ በእርግጥ ሶብር ነውን?

የዋግ ሕምራን ምድር የረገጠ ሰው መውደቅ በዚያ ምን ያህል የዘወትር ነገር እንደሆነ ያውቃል። ከሰቆጣ ወጥቶ ወደ ዝቋላና ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የሚሄደው በበጋ በልቅ ጠጠር፣ በክረምት በሚያዳልጥ ጭቃ ላይ ነው። ሰቆጣ በጥንት ዘመን የአሞሌ ጨው ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ነጋዴዎቿም ከበቅሎና ከአህያ ኋላ ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። ከበቅሎ መውደቅም አብሯቸው የኖረ ነገር ነው። ዛሬ ግን ይበልጥ የሚወድቁት፣ በእኔ አስተያየት፣ ውሃ ቀጂዎቹ ናቸው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በጀርባዋ ያዘለች ሴት ቁልቁለት ላይ እግሯ ሲከዳት ሸክሙ ወደ ኋላ ይስባታል፤ በእጇ ለመደገፍ ጊዜ አታገኝም፤ ከነጀሪካኑ በመቀመጫዋ ድንጋይ ላይ ታርፋለች። ተነሥታ አቧራዋን ታራግፋለች፤ የፈሰሰውን መልሳ ትቀዳለች፤ ወደ ቤቷም ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ይህን ይመስላል። ቆማ ስትሠራ ደህና ናት። እንጀራ ልትጋግር ዱካ ላይ ስትቀመጥ ሕመሙ ይነሣባታል፤ ይበልጥ የሚጠናባት ደግሞ ከተቀመጠችበት ልትነሣ ስትሞክር ነው። በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ መቀመጥን ትለምዳለች። ልጆቿ "እማዬ፣ ለምን አትቀመጪም?" ሲሏት "መቆም ይሻለኛል" ትላለች። የሆድ ድርቀት ሲጨመርበት መጸዳዳት ራሱ ሌላ ፈተና ይሆንባታል። በዚያ ኮረኮንች መንገድ በመኪና መሳፈርማ አይነሣ።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። ጄምስ ሲምፕሰን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ጽፎበታል፤ ሰውየው የማዋለድ ሐኪም ነበርና በሽታው ዓይኑ ውስጥ መግባቱ አያስደንቅም። የሕክምና መጻሕፍት እንደሚሉት በሴቶች ላይ ከወንዶች አምስት እጥፍ ያህል ይበዛል፤ የዳሌያቸው አፈጣጠር አጥንቱን ለመመታት ያጋልጠዋል፤ ወሊድም ራሱ ሊጎዳው ይችላል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይሻለዋል። በአንዳንዱ ላይ ግን ቦታው በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ስለሚነካ ሕመሙ 3 ወር ያልፋል፤ ዓመትም ሊከርም ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሶብር ማለት ዝም ማለት ቢሆን ኖሮ አዩብ (ዐ.ሰ) የሶብር ምሳሌ ባልሆኑ ነበር። መከራ እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋልና፤ ቁርኣንም ይህን ዱዓቸውን በሱረቱል አንቢያእ ያወሳልናል። ያዕቁብም (ዐ.ሰ) ሐዘናቸውን ለአላህ አሰምተዋል። "እርሱማ ለአላህ ነው፤ ለሰው መናገሩ ነው የሚነቀፈው" የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያውስ የራሳችንን ነቢይ እንመልከት። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሳቸውን አሟቸው በምሬት ቃል ሲናገሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልገሠጿቸውም፤ የእርሳቸውንም ራስ እንዳመማቸው በዚያው ቃል መልሰው ነገሯቸው። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) በብርቱ ትኩሳት ላይ ሆነው አግኝተዋቸው ስለ ሕመማቸው ክብደት ሲያነሡባቸውም፣ የሁለት ሰው ያህል ትኩሳት እንደሚይዛቸው ሳይደብቁ ገልጸውላቸዋል። ሁለቱንም ቡኻሪ ዘግበውታል። ኢብኑል ቀይም ሶብርን የሚያፈርሰው በአላህ ውሳኔ ማማረር እንጂ ያለበትን ሁኔታ ለሐኪም ወይም ሊረዳው ለሚችል ሰው መንገር እንዳልሆነ ያስረዱትም ከዚህ ተነሥተው ነው።

በዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ማስረጃ ይቀርብብናል፤ እንዲሁ ልናልፈውም አይገባም። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ የሚጥል በሽታ እንዳለባት፣ ስትወድቅም ገላዋ እንደሚገለጥ ነገረቻቸው፤ ዱዓ እንዲያደርጉላትም ጠየቀች። እርሳቸውም ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገች ግን እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት በመግለጽ ምርጫውን ለእርሷ ሰጡ። እርሷም መታገሥን መረጠች፤ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላትም። ከዚህ ሐዲሥ ተነሥተው "ሕክምናን ትቶ መታገሥ ይበልጣል" የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም መሠረት የሌለው አይደለም።

እኔ ግን ይህን ሐዲሥ ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ይህች ሴት የመጣችው ልትናገር ነው። የተናገረችውም አንዲት ሴት በወንድ ፊት ልትናገረው እጅግ የሚከብዳትን፣ የገላዋን መገለጥ ነው። ምርጫ የቀረበላት ስለተናገረች ነው። ሶብርን ከመረጠች በኋላም ቢሆን ሊቃለል የሚችለው የመከራዋ ክፍል እንዲቃለልላት ጠየቀች እንጂ "እንግዲህ ሁሉንም ልቻለው" አላለችም። የእኛዋ ውሃ ቀጂስ ምን መረጠች? ማን ምን አቀረበላት? ለሕመሟ መላ መኖሩን ሳታውቅ፣ ለማንም ሳትናገር ስድስት ወር በአንድ ጎኗ የተቀመጠች ሴት የመረጠችው ነገር የለም። የእርሷን ሁኔታ ከዚያች ሴት ሶብር ጋር አንድ አድርገን ስናመሰግን፣ እኛ የማንጠየቅበት ጥሩ መሸሸጊያ እያበጀን እንዳይሆን እፈራለሁ።

መታከምን በሚመለከትማ ነገሩ ግልጽ ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት የገጠር ዐረቦች እንታከም ወይ ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ ከእርጅና በስተቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። በሶብር ስማቸው የሚነሣው ዑርዋ ኢብኑ ዙበይርም ያ ትዕግሥታቸው የታወቀው እግራቸውን ሐኪሞች ሲቆርጡላቸው ነው።

የቀረው ሐፍረቱ ነው። ሐያእ ከኢማን እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ነበረባቸው፤ የሕመሙም ቦታ እኛ ከምንነጋገርበት የራቀ አይደለም። ሶላታቸውን እንዴት እንደሚሰግዱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ይህንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ተነገራቸው። ዛሬ በየሆስፒታሉ አልጋ ላይ ያለ ሙስሊም ሁሉ የሚሰግድበት ይህ ሐዲሥ የደረሰን አንድ የተከበሩ ሶሓባ ስለ ኪንታሮታቸው ሲጠይቁ ነው። የእርሳቸውን ሐያእ ማን ሊነቅፍ ይችላል?

ሴት ታካሚ ሴት ሐኪም ብትፈልግ ተገቢ ነው። ካልተገኘች ግን ለምርመራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መገለጥን ፉቀሃዎች ፈቅደዋል፤ ባሏ ወይም መሕረሟ አብሯት ይግባ። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸው ለመጀመሪያው ወሬ እነርሱ ይቀርባሉ፤ በሰቆጣ ከተማም የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ባልም ቢሆን ሚስቱ ለምን ቆማ እንደምትበላ ሳይጠይቅ ስድስት ወር ከኖረ፣ ስለ እርሷ ሶብር ከማውራቱ በፊት የራሱን ዓይን ቢመረምር ይሻላል።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችልም ብዙ አለ። ይህን ክፍል ማንበብ የሚችሉ ልጆች ለእናቶቻቸው ጮክ ብለው ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል። በወደቁባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ማስነካት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሙቀት ይረዳል፤ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል። ዋናው ነገር ግን አጥንቱ መሬት እንዳይነካ ማድረግ ነው። ለዚህም የስፖንጅ ቁራጭ በኋላ በኩል እንደ በቅሎ ጫማ ተቆርጦ ክፍት ይተውለታል፤ ክፍቱ ቦታ ላይ የጭራ አጥንቱ ያርፋል። ስፖንጅ ከሌለ ሁለት ጋቢ ለየብቻ አጥፎ በሁለቱ ጭኖች ሥር አድርጎ መሐሉን ባዶ መተው ነው። መሐሉ ቀዳዳ የሆነው ክብ ትራስ ለአንዳንዱ ይስማማል፤ ለሌላው ግን ጠርዙ አጥንቱን ይጫነዋል። ሲቀመጡ ወደ ኋላ መለጠጥ ሳይሆን ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ በየሃያው ደቂቃ ያህል ተነሥቶ መንቀሳቀስ፣ ሲነሡም አስቀድሞ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሸክሙን ወደ እግር ማዛወር ይጠቅማል። ሆድ እንዳይደርቅ ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ጎመንና ተልባ ከገበታ አይጥፋ። የተልባን ነገር እናቶቻችን ከሐኪሙ በፊት ያውቁታል። ለጥቂት ሳምንታት ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይሸከም። ይህን የመጨረሻውን የምጽፈው ከሁሉ የሚከብደው እርሱ እንደሆነ እያወቅሁ ነው፤ ሸክሙ ከእናት ጀርባ ሲወርድ የሚያርፍበት ሌላ ጀርባ መገኘት አለበትና።

የሕመም ማስታገሻ እንክብል ይረዳል። ሆኖም እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ለነፍሰ ጡርም ስለማይመከሩ፣ ጨጓራ ያለበት ሰው በገዛ እጁ ገዝቶ አይዋጣቸው። በረመዳንም በባዶ ሆድ ሳይሆን ምግብ ተበልቶ በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ቢወሰዱ ይሻላል።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወጌሻዎቻችን ለተወለቀ ትከሻና ለተሰበረ እጅ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ የሚንቃቸው ሰው አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ይህን ቦታ በቅቤ አጥብቆ ማሸትና መጫን የቆሰለውን መልሶ ማቁሰል ነው። በብረት መተኮስማ ጭራሽ መፍትሔ አይደለም፤ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መተኮስን ከፈውስ መንገዶች ቢቆጥሩትም ለኡመታቸው እንዳልወደዱት ተዘግቧል።

ቤት ውስጥ የማይያዝ ነገርም አለ። በመቀመጫና በጭን መሐል መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ማለት ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ትኩሳት ካለ፣ በቦታው እብጠት ወይም መግል ከታየ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ወይም ሳይወድቁ የጀመረ ሕመም ሌት ተቀን የማያስተኛ ከሆነም ሳይቆዩ መታየት ያስፈልጋል።

ወራት አልፈውም ካልተሻለ በትልልቅ ሆስፒታሎች የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናና በቦታው የሚሰጥ መርፌ አለ። እጅግ ጥቂት ለሆኑት ደግሞ አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በዚህ ጊዜ "ታዲያ ሐዲሡስ? ዐጅቡዝ-ዘነቡ የወጣለት ሰው በምን ይቀሰቀሳል?" የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሰው እግሩ ተቆርጦ ሌላ አገር ቢቀበርም ይቀሰቀሳል፤ አላህ የት እንዳለ ያውቀዋል። ሐዲሡ የአላህን ችሎታ የሚነግረን እንጂ ሐኪምን የሚከለክል አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርጎም ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው አለ። ስለ ሶብር ለመናገር ተገቢው ቦታ እንግዲህ እዚህ ነው። ተናግሯል፤ ጠይቋል፤ ታክሟል፤ የቀረውን ደግሞ ከጌታው እንደመጣ ይቀበለዋል። የታመመ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት አቡ ሙሳ (ረ.ዐ) አስተላልፈው ቡኻሪ ዘግበውታል።

ስለ ሶላቱ ደግሞ ይህን ልጨምር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከፈረስ ወድቀው ያውቃሉ። አነስ (ረ.ዐ) እንደሚነግሩን ቀኝ ጎናቸው ተልጦ ነበር፤ ሶሓቦች ሊጠይቋቸው ገብተው ሳለ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ተቀምጠው አሰገዷቸው። የእኛ ሕመምተኛ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጉልበቱን ያመመው ሰው ወንበር ያሳርፈዋል፤ የጭራ አጥንት ሕመምተኛን የሚያሠቃየው ደግሞ ያው መቀመጡ ነው። መቆም፣ ሩኩዕና ሱጁድ የሚችል ከሆነ እነዚህ አይወርዱለትም፤ የሚገራለት የአቀማመጡ መልክ ነው። ሻፊዒዮች በመጨረሻው ተሸሁድ መቀመጫን መሬት አስነክቶ መቀመጥን ሱና ሲያደርጉ ሐነፊዮች ለወንድ በግራ እግር ላይ መቀመጥን መርጠዋል፤ ሁለቱም ሱና እንጂ ሶላትን የሚያፈርሱ ጉዳዮች አይደሉም። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚቀልለውን ይያዝ፤ ወደ ፊት ዘንበል ቢል ወይም ከሥሩ ለስላሳ ነገር ቢያደርግም ችግር የለበትም። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በሶላት ውስጥ እግራቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ልጃቸው አይቶ እንደ እርሳቸው አደረገ። ከለከሉት፤ ሱናውንም አሳዩት። "እርስዎ ያደርጉት የለም ወይ" በሚል መንፈስ ሲጠይቃቸው እግሮቻቸው እንደማይችሏቸው ነገሩት። ምክንያታቸውን ለልጃቸው ለመንገር አላፈሩም።

በሶፍ ውስጥ አጠገቡ ያለው ሰው አቀማመጡን አይቶ የሚያጉረመርም ሰው ደግሞ ያን ራሱ የተፈነከተውን ሰው ያስታውስ። ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈው አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ባልደረቦቹ ፈቃድ የለህም ብለው ስላሳጠቡት ሞተ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በብርቱ ቃል ገሠጿቸው።

እኛ አስቀሪዎችም በዚህ ውስጥ አለንበት። ደረሳ ከገደል አፋፍ ፍየል ሲጠብቅ ወድቆ ይመጣና በአጎዛ ላይ ከፈጅር እስከ ረፋድ እግሩን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ይገደዳል። ይቁነጠነጣል፤ በአንድ ጎኑ ያጋድላል፤ ተነሥቶ ይቀመጣል። አርጩሜ ከማንሣት በፊት ልጁን ለብቻው ጠርቶ "ወድቀህ ነበር ወይ?" ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቁርኣን ቆመውም ተቀምጠውም በጎናቸው ተኝተውም አላህን የሚያወሱ ሰዎችን ያመሰግናል፤ ይህ ልጅም እስኪሻለው ድረስ ሉሑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሞ ይቅራ።